በአዳማ ያለውን የቤተሰብ ቤታችንን በባንጋሎ ስልት ለማደስ፦ ስለ በረንዳው፣ ስለ ጣራውና ስለ እንጨት ሥራው ምክራችሁን እሻለሁ

የአዳማዋ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ከአባታችን የወረስነውን የአዳማ ቤት በዚህ ዓመት ማደስ ስለምንጀምር፣ በግንባታ፣ በእንጨት ሥራና በቤት ማስዋብ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቤቱ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ በንጉሡ ዘመን የተሠራ፣ ፎቅ የሌለው ቤት ነው። ግድግዳው በእንጨት ላይ የተመረገ ጭቃ ሲሆን ከውጭ በኩል ኋላ ላይ በሲሚንቶ ተለስኗል። ጣራው ባለ ሁለት ተዳፋት ቆርቆሮ ነው፤ ክንፉ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣራው ጫፍ፣ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ ሲሆን፣ ከፊት ለፊቱ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ በረንዳ ነበረው። በ1980ዎቹ ውስጥ የበረንዳው ግማሽ ለሱቅ ኪራይ ሲባል በብሎኬት ተዘጋ፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሴራሚክ ለበሰ። ሴራሚኩ በተነሣበት አንድ ጥግ ላይ የድሮው ቀይ ሊሾ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ይታያል።

የውስጡ በሮች በየጊዜው የተደራረበ የዘይት ቀለም የተቀቡ ናቸው። የመኝታ ቤቱ በር ከመቃኑ ጋር ሲፋተግ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ላይ የዋንዛ እንጨት መልክ ስላየሁ፣ ሁሉም በሮች ዋንዛ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

እስካሁን ያማከርኳቸው ሥራ ተቋራጮች ሁለት ሐሳብ አቅርበውልኛል። አንደኛው ቤቱን አፍርሶ ባለ አንድ ፎቅ መሥራት ነው፤ ሁለተኛው ፊቱን በአሉሚኒየም ክላዲንግና በጥቁር መስታወት ሸፍኖ ውስጡን በጅፕሰም ማሳመር ነው። ሁለቱንም አልፈልጋቸውም። እናታችን የምትኖረው እዚያው ነው፤ ጉልበቷም ደረጃ ለመውጣት አይፈቅድላትም። ከዚህም በላይ የቤቱ ቁመና የባንጋሎ ቤቶችን ስለሚያስታውሰኝ፣ ዝቅ ያለ ተዳፋት ጣራ፣ ሰፊ ክንፍ፣ በወፋፍራም ምሰሶዎች የቆመ በረንዳ፣ ያልተሸፈነ እንጨት፣ ከግድግዳው ጋር አብረው የተሠሩ መደርደሪያዎችና መቀመጫዎች ያሉት ቤት ሆኖ እንዲታደስ እመኛለሁ።

እንድታስረዱኝ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። የጣራውን ክንፍ እስከ አንድ ሜትር ማስረዘም ይቻላልን? ይህንን የምጠይቀው የአዳማን ነፋስ ስለማውቀው ነው። የተዘጋውን በረንዳ መክፈት በጣራው ላይ አደጋ ያስከትል ይሆን? ለአዲሱ የእንጨት ሥራ ምን ዓይነት እንጨት ብጠቀም ምስጥ ይቋቋምልኛል? የባንጋሎ ስልት ከሚባሉት ነገሮች ውስጥስ ለአዳማ የሚስማማው የትኛው ነው፤ መተው ያለበትስ? ገንዘቡ የሚገኘው በየምዕራፉ ስለሆነ የሥራውን ቅደም ተከተል ብትነግሩኝ እጅግ ይጠቅመኛል።

ንድፍ ሠሪ

እንዳያፈርሱት የወሰኑት ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የገለጹት ቤት ወደ ባንጋሎ የሚቀየር ቤት አይደለም፤ ድሮም ባንጋሎ ነው። ቤቱን ከመልኩ ያወጡት ኋላ የተጨመሩት ብሎኬትና ሴራሚክ ስለሆኑ፣ የሥራው አብዛኛው ክፍል መጨመር ሳይሆን ማንሣት ይሆናል።

የስልቱ መነሻ የሕንድ ቤንጋል ነው። እንግሊዞች በዚያ ያገኙትን፣ ዙሪያውን በጥላ የተከበበ ዝቅተኛ ቤት ለራሳቸው መኖሪያ አድርገው ወደ ሌሎች አገሮች አዛመቱት። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1900 ጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የእንጨት ጥበብ የሚታይበት መልክ ያዘ፤ ቻርልስና ሄንሪ ግሪን የተባሉት ወንድማማች አርክቴክቶች በ1908 በፓሳዴና የነደፉት የጋምብል ቤት የዚያ መልክ የታወቀ ማሳያ ነው። ይህንን የማነሣው በመጽሔትና በኢንተርኔት የምናያቸው ፎቶግራፎች በአመዛኙ ከዚህ ሁለተኛው ዘመን የተወሰዱ በመሆናቸው ነው። ለአዳማ የሚቀርበው ግን የመጀመሪያው፣ ማለትም ጥላና አየር ለማግኘት የተሠራው ቤት ነው። እያንዳንዱን ነገር ከመጨመርዎ በፊት «ይህ ጥላ ይሰጣልን? አየር ያሳልፋልን? ዝናብ ይከላከላልን?» ብለው ቢጠይቁ፣ የሚተወውና የሚያዘው በራሱ ይለያል።

ስለ ክንፉ ስፋት በቁጥር ልግለጽ። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በዚህ ከፍታ አንድ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጣራ ከጫፉ ወደ ታች 1.6 ሜትር የግድግዳ ጥላ ይሰጣል። በረንዳዎ 2 ሜትር ስፋት ካለው ጥላው ከ3 ሜትር ስለሚበልጥ፣ የደቡቡ ግድግዳ በበጋው እኩለ ቀን ፀሐይ አይነካውም ማለት ነው። ሳሎኑ ሙቀት የሚበዛበት ከሆነ ምክንያቱ የተዘጋው የበረንዳ ግማሽ ነው፤ በፀሐይ የጋለው የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ አየሩንም ያግዳል። በሰሜን በኩል ደግሞ በሰኔ ወር ፀሐይ እጅግ ከፍ ብላ፣ 75 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትሆን፣ አሁን ያለው 40 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ብቻውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያጠላል። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ ክንፉን የሚያስረዝሙት ለፀሐይ ብለው ሳይሆን፣ በክረምት ከነፋስ ጋር የሚመጣው ዝናብ የጭቃውን ግድግዳ እግር እንዳይመታው ነው፤ ለዚህ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አንድ ሜትር በነፋሻማ ከተማ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አደጋ መጋበዝ ይሆናል።

በምዕራብ በኩል ያለውን ክፍል ግን የትኛውም ክንፍ አያድነውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ፣ እዚያ የሚረዳው ዛፍ ነው። ኒም ወይም ማንጎ ከመሠረቱ 5 ሜትር ያህል አርቀው ቢተክሉ ከማንኛውም መጋረጃ የተሻለ አገልግሎት ይሰጥዎታል።

የጣራውን ከፍታ አይንኩት። ዝቅ ያለ ኮርኒስ ብርድ ላለበት አገር ይስማማል፤ በአዳማ ግን በጋለ ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ ሰው ከ2.8 ሜትር በታች የሆነ ኮርኒስ ይከብደዋል። በሁለቱም የጣራ ግንባሮች፣ ማለትም በሦስት ማዕዘኖቹ ላይ፣ በእንጨት ርብራብ የተሠራና ከውስጥ ወንፊት የተመታበት የአየር መውጫ ይክፈቱ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታመቀው አየር በዚያ ይወጣል። ይህ በዋጋ ትንሽ፣ በጥቅሙ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከስልቱም ጋር ይስማማል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የግድግዳው ቋሚ እንጨቶች እግራቸው ይመርመር። ልስኑን በእጅ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥበትን ቦታ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ አስከፍተው፣ እንጨቱን በሹል ብረት ወጋ ያድርጉት፤ ብረቱ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ እንጨቱ በስብሷል ወይም ተበልቷል። የተበላው እግር ተቆርጦ በድንጋይ ግንብ ይተካል፤ ይህ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ቁራጭ፣ በየተራ፣ አንዱ ከደረቀ በኋላ ሌላው እየተነካ ነው። ከዚያ በኋላ ጣራ፣ ቀጥሎ በረንዳ፣ ከዚያም የኤሌክትሪክ መስመር፣ የእንጨት ሥራ፣ በመጨረሻም ቀለም ይከተላል። ቀለሙን አስቀድመው የሚጀምሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከከተማው አስተዳደር የእድሳት ፈቃድ ማውጣት እንዳለብዎትም አይዘንጉ፤ የሱቁን ክፍል ማፍረስ የቤቱን ካርታና የተመዘገበውን አገልግሎት ሊመለከት ይችላልና።

አናጺ

እህቴ፣ ንድፍ ሠሪው በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ። እኔ በእንጨቱ በኩል ልጨምር።

በመጀመሪያ በሮቹን እንዳያስወጧቸው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ከተከለከሉ ቆይተዋል፤ ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው ዋንዛም ብዙ ጊዜ በቅጡ ያልደረቀና ሲውል ሲያድር የሚጣመም ነው። የእርስዎ በሮች በተሠሩበት ጊዜ የነበረው እንጨት ግን ዕድሜ ጠገብ ስለነበር፣ ይኸው ስንት ዓመት ቆሞ አልተጣመመም። ቀለሙን ሲያስነሡ ግን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፈተግ አጥብቄ አሳስባለሁ። በቀለም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን የሚገድበው ደንብ በአገራችን የወጣው በቅርብ ዓመታት በመሆኑ፣ የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙም በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። በሮቹ ከማጠፊያቸው ተነቅለው ወደ ግቢ ይውጡ፤ ቀለም ማስለቀቂያ ተቀብተው በላሜራ መፋቂያ ይፋቁ፤ ከዚያም በእርጥቡ ይፈተጉ። ፍቅፋቂው በላስቲክ ላይ ተሰብስቦ ይታሰር እንጂ በግቢው አይበተን። ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ልጆችና እናትዎ እንዳይቀርቡ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አይቀቡት፤ ፈዘዝ ያለው ዓይነት የዋንዛውን መስመር አጉልቶ ያሳያል።

ወደ ክንፉ ልመለስ። ነፋስ ክንፍን የሚያነሣው በሁለት በኩል ነው፤ ከታች ይገፋዋል፣ ከላይ ይስበዋል። በከተማችን ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ክንፉን ከ40 ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ለማስረዘም ጣራውን በሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም፤ የታችኛውን ረድፍ ቆርቆሮ ብቻ አንሥቶ፣ ከእያንዳንዱ የጣራ እንጨት ጎን አዲስ እንጨት ማጣመር ይቻላል። አዲሱ እንጨት ወደ ውጭ ከሚወጣው ቢያንስ ሁለት እጥፍ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ 70 ወደ ውጭ ከሆነ 1.40 ሜትር ወደ ውስጥ ማለት ነው። ጫፉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀጥሎ በሚስማር መምታት፣ ብዙ ቦታ የማየው ሥራ ሲሆን፣ መጀመሪያ በመጣው ጠንካራ ነፋስ ይነሣል። ተዳፋቱ በሦስት ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር የክንፉ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የጓሮው በር ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ እንዳይነካው አስቀድመው ይለኩ።

እያንዳንዱ የጣራ እንጨት በግድግዳው አናት ላይ ካለው አግዳሚ ጋር በላሜራ ማሰሪያ ይታሰር፤ ሚስማር ብቻውን አይታመንም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ላይ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ሚስማር ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይጠጋጋ። አዲሱ ረድፍ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይግባ፤ አለበለዚያ የክረምት ነፋስ ውኃውን ወደ ላይ ነድቶ ያስገባዋል።

በምሥራቅና በምዕራብ ያሉትን የጣራ ግንባሮች ማስረዘም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እዚያ ክንፉን የሚሸከመው የሞራሌ፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት፣ ጫፍ ብቻ ነው። በባንጋሎ ፎቶግራፎች ላይ ከጣራው ግንባር ሥር የሚታየው ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ድጋፍ ብዙ ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል፤ በአግባቡ ከተሠራ ግን ክንፉን ከታች ይደግፋል፣ ከላይም እንዳይነሣ ይይዛል። እርስዎ ቤት ይህንን ቢያሠሩ መልካም ነው፤ ብቻ ድጋፉ በጭቃው ላይ ሳይሆን በውስጡ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ በቦሎን ተሻግሮ ይታሰር።

ምስጥን በተመለከተ፣ የእንጨቱ ዓይነት ግማሽ መከላከያ ነው፤ ጥድ ከባሕር ዛፍ እጅግ የተሻለ ይቋቋማል። ሌላው ግማሽ ግን አሠራሩ ነው። እንጨት አፈር መንካት የለበትም። የበረንዳው ምሰሶ በድንጋይ ወይም በአርማታ እግር ላይ፣ በብረት ጫማ ከፍ ብሎ ይቁም፤ እንዲህ ሲሆን ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በግንቡ ላይ የአፈር መንገዱን መሥራት ስለሚገደድ፣ መንገዱን አይቶ ማፍረስና ማከም ይቻላል። በመሬት የተቀበረ ምሰሶ ግን ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ ሲወድቅ ነው የሚታወቀው። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ለመኖሪያ በረንዳ አልመክርም፤ ልብስ ያበላሻል፣ ሽታው አይለቅም፣ አፈሩንም ይበክላል።

ከግድግዳ ጋር ስለሚሠሩት መደርደሪያዎችና መቀመጫዎች አንድ ነገር ላንሣ። የእኛ ቤት ወለል በውኃ ይታጠባል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) መሬት ላይ ተቀምጦ ከተሠራ፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ እግሩ እንደ ዳቦ ያብጣል። ስለዚህ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ መደላድል ይሠራለት፤ ፊቱም ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ሊሾ ይሁን። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል ደግሞ ጀርባውን ሳይዘጉ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ማስተንፈስ አለበት፣ ምስጥም ሲመጣ ለማየት ያስችላል። በአዳማ አቧራ ምክንያት ክፍት መደርደሪያ ከማብዛት ይልቅ የታችኛውን ክፍል በመዝጊያ፣ የላይኛውን በመስታወት መዝጋት ይሻላል።

የወንጂ ልጅ

ስለ ባንጋሎ ሲነሣ፣ ከአዳማ ሳይርቁ በቅርበት ሊያዩት የሚገባ ቦታ ስላለ ልጠቁምዎት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኩባንያው በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻዎች የቆየ ስለነበር፣ ሙቀት ባለበት አገር እንዴት እንደሚኖር ልምድ ይዞ ነው የመጣው። ለሠራተኞቹ የተሠሩት ቤቶች ፎቅ የሌላቸው፣ በአትክልት የተከበቡ ነበሩ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ትዝ የሚለኝ የመስኮቶቹ ወንፊትና ከበረንዳው ሥር ያለው ቀዝቃዛ ወለል ነው። ወደ ወንጂ ሄደው ቤቶቹን ከውጭ ቢመለከቱ፣ ከፎቶግራፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ከላይ በተጻፈው ላይ ግን ስለ ውስጡ ግድግዳ አንድ ነገር ልጨምር። የባንጋሎ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እስከ ደረት ድረስ በጥቁር ቡናማ እንጨት የተለበጠ ሆኖ ይታያል። ይህ በአዳማ ቤት ውስጥ ክፍሉን ያጨልማል፤ ነፋሱ የሚያመጣው ነጭ አቧራም በየመገጣጠሚያው ይቀመጣል። ከእንጨት ልባጥ ይልቅ ግድግዳውን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በአፈር መልክ ቀለም፣ ለምሳሌ በቀይ ሸክላ ወይም በደረቅ ሣር መልክ ቀብተው፣ ከላዩ በቀጭን የእንጨት መስመር ቢለዩት፣ የላይኛውንም እንደ ወተት ባለ ነጭ ቢያደርጉት፣ ክፍሉ ሳይጨልም የስልቱን መልክ ያገኛል። ዋንዛው በበሩና በመስኮቱ መቃን ላይ ብቻ ቢታይ ይበልጥ ይከበራል።

የእሳት ምድጃም አያስፈልግዎትም። በባንጋሎ ውስጥ ምድጃው የሚሠራው ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ የእኛ ቤተሰብ የሚሰበሰበው ረከቦት ዙሪያ ነው። እንግዲህ የምድጃውን ቦታ ለቡና ይስጡት። በተከፈተው በረንዳና በሳሎኑ መካከል ባለው መስኮት ሥር፣ የአያቶቻችንን ቤት መደብ የመሰለ፣ በግንብ የተሠራ ዝቅተኛ መቀመጫ ያሠሩ፤ ከፊቱ ከሰል የሚያስቀምጡበት ሴራሚክ ያልሆነ፣ የሊሾ ወይም የጠርብ ድንጋይ ወለል ይተዉ፤ የከሰል ፍንጣሪ ሴራሚክ ያፈነዳል፣ ምንጣፍም ያቃጥላል። መስኮቱ ሲከፈት የከሰሉ ጢስና የዕጣኑ ጭስ በቀላሉ ይወጣል። ለእናትዎ ደግሞ መቀመጫው ከ45 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ያድርጉ፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ዝቅ ያለ መደብ ለመነሣት ያስቸግራል።

በረንዳውን በተመለከተ ስፋቱ ከ1.80 ሜትር ካነሰ መተላለፊያ ብቻ ይሆናል። ወንበርና ረከቦት ተቀምጦ ሰው በፊት ለፊት እንዲያልፍ ከ2 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ሴራሚኩ ተነሥቶ ቀይ ሊሾው ቢመለስ፣ በሰም ቢወለወል፣ ከምንም አዲስ ነገር ይልቅ ያንን በረንዳ የሚያስጌጠው እርሱ ነው።

የአዳማዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ሠርታችሁልኛል። በተለይ አንድ ሜትር ክንፍ አስፈላጊ አለመሆኑን በማወቄ ብዙ ወጪ ተርፎልኛል።

በምክራችሁ መሠረት የሱቁን ክፍል ከውስጥ አስመርምሬዋለሁ። የድሮዎቹ የበረንዳ ምሰሶዎች በብሎኬቱ ውስጥ የሉም፤ በተዘጋበት ጊዜ ተነቅለው ነበር ማለት ነው። የበረንዳውን ጣራ የሚሸከመው አግዳሚ እንጨት አሁን ያረፈው በቀጥታ በብሎኬቱ ላይ ነው። ባልተዘጋው ግማሽ በኩል ግን ሁለት የእንጨት ምሰሶዎች አሉ፤ እግራቸው መሬት ውስጥ የተቀበረ ሲሆን አንደኛው ለስለስ ብሏል። አፍራሽ ሠራተኞች ብሎኬቱን በአንድ ቀን አንሥተን እንጨርሳለን ብለዋል። ይህ እንዴት ይታያል? ምሰሶዎቹስ እንደ ፎቶግራፎቹ ከሥር ወፍረው ወደ ላይ እየቀጠኑ ቢሠሩ ክብደት አይበዛባቸውም ወይ?

ንድፍ ሠሪ

በአንድ ቀን አይፈርስም፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ አይቀበሉ። ጣራው ያረፈበትን ግድግዳ ያለ ድጋፍ ማንሣት በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል።

ሥራው በዚህ መልክ ይሁን። አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከሱቁ ክፍል ይቋረጥ። ከዚያም ከግድግዳው ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ አግዳሚውን ተከትሎ በየ1.20 ሜትሩ ፑንቴሎ (ጊዜያዊ የድጋፍ ቋሚ) ይቁም፤ ከእግሩ ሥር ሰፊ ጣውላ፣ ከአናቱ ደግሞ የጣራ እንጨቶቹን በአንድነት የሚይዝ አንድ ወፍራም አግዳሚ ይደረግ። የአዳማ አፈር አመድማና ልል ስለሆነ፣ ፑንቴሎው በባዶ መሬት ላይ ከቆመ ይሰምጣል፤ ጣውላው የግድ ነው። ብሎኬቱ ከላይ ወደ ታች፣ በእጅ መሣሪያ ይነሣ፤ ተገፍቶ እንዲወድቅ አይደረግ። መጀመሪያ የሚነሣው አዲሶቹ ምሰሶዎች የሚቆሙበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ እዚያ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ የድንጋይ እግሩ ተገንብቶ፣ ምሰሶው ቆሞ አግዳሚውን ከተሸከመ በኋላ የቀረው ብሎኬት ይነሣል። ድንጋዩ እንደተገነባ ጭነት አይጫንበት፤ አንድ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ ይቆይ።

ከታች ወፍሮ ወደ ላይ የሚቀጥን ምሰሶን በተመለከተ፣ ክብደቱ ሊያሳስብዎት አይገባም፤ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው በመካከል ያለው አንድ ጠንካራ ቋሚ ሲሆን፣ ዙሪያው በጣውላ ይለበጣል። ሆኖም ለእርስዎ ይህንን አልመክርም። የተለበጠ ባዶ ምሰሶ ምስጥ ተደብቆ የሚበላበት ቤት ነው፤ አናጺው እንዳሉት እንጨቱ መታየት አለበት። ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ በአካባቢው ከሚጠረበው ድንጋይ የተገነባ፣ ወደ ላይ በመጠኑ የሚጠብ እግር ይሥሩ፤ በላዩ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ደረቅ የጥድ ቋሚዎች በብረት ጫማ ይታሰሩ፣ በአናታቸውም ከአግዳሚው ጋር በቦሎን ይያያዙ። ወፍራምነቱን ድንጋዩ ይሰጣል፤ ጥንድ እንጨቱም የስልቱን መልክ ይጠብቃል። አዲስ ጥድ ለማግኘት አይድከሙ፤ የድሮ ቤቶች ሲፈርሱ የሚወጣውን ቋሚ ከገበያ መርጠው መግዛት ይችላሉ፤ ሲገዙም ሁለቱንም ጫፍ በመዶሻ መትተው ድምፁን ይስሙ፤ የታመመ እንጨት ድምፁ የታፈነ ነው።

ባልተዘጋው በኩል ያሉትን ሁለት ምሰሶዎች በተመለከተ፣ ለስለስ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም በዚሁ አጋጣሚ ይቀይሯቸው። ፑንቴሎው ከቆመ ወዲያ የሁለተኛው ተጨማሪ ወጪ ጥቂት ነው፤ የበረንዳው ምሰሶዎችም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሆናሉ። በመሃላቸው ያለው ርቀት ከ2.40 ሜትር እንዳይበልጥ አግዳሚውን የሚያየው ሙያተኛ ይወስንልዎት፤ የአግዳሚው ውፍረትና ጤንነት ሳይታይ ከዚህ ማስፋት አይገባም።